የኅዳር ጢስና የእኅት ውኃ

ሰው በሕፃንነቱ ያየውን ነገር በልቡ ባኖረው ጊዜ፥ በሣጥን እንደ ተቈለፈ የክት ልብስ ሳይነካና ሳይለወጥ የሚቈይለት ይመስለዋል። ነገር ግን ልብስም ቢሆን በሣጥን ሳለ ብል ይበላዋል፤ አጠገቡ የተቀመጠውም ልብስ ሽታ ይገባበታል። ይልቁንም የሚታሰበው ነገር በወጣትነቱ የሞተ ዘመድ እንደ ሆነ፥ ሟቹ ባለበት ዕድሜ ሲቀር ኗሪው እያደገና እያረጀ ይሄዳልና፥ የሟቹ መልክ በኗሪው ልብ ውስጥ ከዓመት ወደ ዓመት ሲለዋወጥ ይገኛል። በአዲስ አበባ ከተማ በኖረ በአንድ ሰው ላይ የደረሰው ነገር ይህን የሚያስረዳ ነው።

ይህ ሰው በ1906 ዓ.ም. ከቀበና ወንዝ አጠገብ ተወለደ። አባቱ በአራዳ ገበያ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። ከእርሱ በፊት የተወለደች አንዲት እኅት ነበረችው፤ ታላቅን በስም መጥራት ነውር ነውና እርሱ ዘወትር «እታለም» ይላት ነበር። እርሷም በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ሞተች። ያን ጊዜ እርሱ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ፎቶግራፍ አልተነሣችም፤ በእጇ የጻፈችው ወረቀትም አልነበረም። ስለዚህ ከእኅቱ የቀረለት ሀብት በልቡ ያለው መታሰቢያ ብቻ ነበረ።

የሞተችበት በሽታ በአገራችን «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የሚጠራው ነው። የውጭ አገር ሰዎች ግሪፕ ወይም ኢንፍሉዌንዛ ይሉታል። ታላቁ የዓለም ጦርነት ያበቃው በኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነበር፤ ነገር ግን ዓለሙ ከጦር ባረፈበት በዚያው ወር ይህ በሽታ ከአገር ወደ አገር እየተላለፈ ይፈጅ ነበር። ሊቃውንት በግምት እንደሚናገሩት በምድር ሁሉ የሞተው ሰው እስከ 50 ሚሊዮን ይደርሳል። የበሽታው ጠባይ ደግሞ ከሌላው ወረርሽኝ የተለየ ነበር፤ ሽማግሌና ሕፃን ብቻ ሳይሆን በጕልበቱ ያለውን ወጣትና ጎልማሳ እየመረጠ ይጥል ነበርና። በዘውዲቱ ዘመን አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም በዚሁ በሽታ ክፉኛ ታመው እንደ ዳኑ፥ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ ጊዜ ስለ ሕይወታቸው በጻፉት መጽሐፍ ተናግረዋል። በሰው ላይ የሚደርሰው የዚህ በሽታ ምክንያት ቫይረስ መሆኑ በምርመራ የተገለጠው በ1933 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ፥ በዚያ ጊዜ የነበሩ ሐኪሞች የሚዋጉትን ጠላት አያውቁትም ነበር። በከተማው ውስጥ ሙሉ ቤተ ሰብ በአንድ ቀን ይወድቃል፤ አስታማሚ ይጠፋል፤ ቀባሪም ይጠፋል።

የዚህ ሰው መታሰቢያ እንዲህ ያለ ነበር። ቤቱ በጢስ ተሞልቷል። ከደጅም ጢስ እየተጥመለመለ ይገባል። እታለም ነጭ አዲስ ቀሚስ ለብሳ በመደብ ላይ ተኝታለች፤ ቁመቷ ከመደቡ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ ነው። እርሱም ሰማያዊ ቀለም በተቀባች የብረት ኩባያ ውኃ ቀድቶ ይሰጣታል። እርሷም ጠጥታ ፈገግ ትላለች። ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ጨለማ ነው።

ይህን ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ ይናገረው ነበር። የሰሙትም ሁሉ ያመሰግኑት ነበር። «ሁሉ በወደቀበት ቀን እኅቱን ውኃ ያጠጣ ሕፃን» ተብሎ በጎረቤት ዘንድ ታወቀ። ትምህርቱን ጨርሶ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ከሆነም በኋላ፥ ኀዘን በደረሰበት ወይም ሥራው በከበደው ጊዜ ይህች አንዲት በጎ ሥራ መጽናኛው ነበረች። «ሌላው ቢቀርብኝ እታለምን አጠጥቻታለሁ» ይል ነበር። በየዓመቱም ኅዳር 12 ቀን፥ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፥ የአዲስ አበባ ሰው እንደ ልማዱ ጥራጊውን ከየደጁ ሰብስቦ ሲያቃጥል፥ ያም ጢስ በከተማው ላይ ሲዘረጋ፥ የእኅቱ መልክ በዐይኑ ላይ ይመጣበት ነበር። ይህ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከዚያ በሽታ ጋራ ተያይዞ የሚነገር ነውና፥ መታሰቢያው በየዓመቱ የሚታደስ ሆነ።

እናቱ ግን እርሱ ይህን ሲናገር በሰሙ ቁጥር ዝም ይሉ ነበር። እርሱም የእናቱን ዝምታ ከኀዘን ብዛት የመጣ አድርጎ ይቈጥረው ስለ ነበር አንድ ቀንም ጠይቋቸው አያውቅም።

በ1938 ዓ.ም. እናቱ ዐረፉ። ለአርባቸው ተዝካር ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ። ከደብረ ብርሃንም የእናቱ ታናሽ እኅት መጡ፤ እኒህ ሴት በኅዳር በሽታ ጊዜ በዚያው ቤት የነበሩና በ1912 ዓ.ም. ተድረው ከከተማው የወጡ ናቸው። ካህናቱ ጸሎቱን ካደረሱ፥ ሕዝቡም ከበላና ከጠጣ በኋላ፥ ሰውየው ስለ ቤተ ሰቡ ያለፈ መከራ ሲናገር የእኅቱንና የውኃውን ነገር አነሣ። የሰማውም ሁሉ አዘነ፤ አመሰገነውም። አክስቱ ግን ዐይናቸውን ወደ መሬት ጥለው ተቀመጡ።

ማታ እንግዳው ሁሉ ተሰናብቶ ከሄደ በኋላ አክስቱ ጠሩትና፥ «ልጄ፥ በሰው ፊት እንዳላሳፍርህ ብዬ ዝም አልሁ እንጂ፥ የተናገርኸው ነገር እንደዚያ አልነበረም» አሉት።

እርሱም ደንግጦ፥ «አክስቴ፥ ይህ እንዴት ያለ ነገር ነው? በዐይኔ ያየሁትን እኮ ነው የተናገርሁት» አለ።

«አላየህም አላልሁም። ነገር ግን ያን ጊዜ የተኛኸው አንተ ነበርህ።»

ከዚያም እንዲህ ሲሉ ነገሩት፦ «በዚያ ሳምንት ከቤታችን ጢስ አልወጣም። እሳት የሚያነድ ሰው ከወዴት ይምጣ? አባትህ በመደብ ላይ፥ እናትህ በአልጋ ላይ፥ እኔም ከምሰሶው ሥር ወድቀን ነበር። አንተ በትኩሳት ትቃዥ ነበር። በእግሯ የምትቆም እታለም ብቻ ነበረች፤ እርሷም ብትሆን ትኩሳቱ ይዟት ግድግዳ እየተደገፈች ነው። በእንስራው የቀረው ውኃ አንድ ዋንጫ አይሞላም። አንተ ውኃ ውኃ እያልህ ስታለቅስ፥ ያን ውኃ አንጠፍጥፋ በዋንጫ ቀዳችና ራስህን በክንዷ ደግፋ አጠጣችህ። እኔ ዐይኔ ያይ ነበር፤ እግሬ ግን አልታዘዝ አለኝ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ለራሷ አንዲት ጕንጭ እንኳ አልቀመሰችም። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ፥ እንስራውን አዝላ ወደ ቀበና ወረደች። ውኃውን አምጥታ ለሁላችንም አዳረሰች። ከዚያ በኋላ ተኛች። በሦስተኛው ቀን ዐረፈች።»

ሰውየው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ፥ «ጢሱስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ጢሱን ያየኸው በኋላ ዓመት፥ ሰፈሩ ሲታጠን ነው።»

«ነጭ ቀሚሷስ?»

«እርሱ የእኔ የሰርግ ቀሚስ ነው። ስዳር ጫፉን ይዘህ አልለቅም ብለህ አልቅሰሃል። እታለም ያን ቀን የለበሰችው አሮጌ የሥራ ልብስ ነበር።»

«ሰማያዊዋ ኩባያስ?»

«እርሷን አባትህ በኋላ ከአራዳ የገዟት ናት። እታለም አላየቻትም። ያን ጊዜ በቤታችን የነበረው የቀንድ ዋንጫ ነው።»

በዚህ ጊዜ የሰውየው ድምፅ ተለወጠ። «እንግዲያስ ውኃ ልትቀዳ በመውረዷ ነው የሞተችው? በእኔ ምክንያት ነው?» አለ።

አክስቱም፥ «እንዲህ ብለህ አትናገር» ሲሉ መለሱለት። «የገደላት በሽታው ነው። በዚያ ሰሞን ከቤታቸው ያልወጡ ሞተዋል፤ ውኃ የቀዱም ድነዋል። ነገር ግን እናትህ እስክትሞት ድረስ የፈራችው ይህን አሁን የጠየቅኸኝን ጥያቄ ነበር። ሰባት ዓመት ያህል ሲሆንህ 'እታለምን ያጠጣኋት እኔ ነኝ' ብለህ ነገርሃት። ልታርምህ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። በኋላ ለጥየቃ በመጣሁ ጊዜ፥ ሕፃን ልጅ ሰጪ የሆነ ይምሰለው እንጂ፥ ተቀባይ መሆኑን ቢያውቅ ዕዳውን በምን ትከሻው ይሸከመዋል አለችኝ። እኔም ዝም አልሁ። አሁን ግን አንተ የልጆች አባት ሆንህ፤ እርሷም ዐረፈች። እኔም ከሞትሁ ልጅቱ ያደረገችውን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አይቀርም።»

ሰውየው በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። በመጀመሪያ በልቡ የመጣው ኀዘን ሳይሆን ቍጣ ነበር። ሀብቱን እንደ ተዘረፈ ሰው ሆነ። አክስቱ አርጅተዋል፥ ነገሩን አሳስተውት ይሆናል ብሎም አሰበ። የእርሱ መታሰቢያ የጠራ ነውና፥ የኩባያዋ ሰማያዊ ቀለም እንኳ አሁን ያየው ያህል ይታየዋልና፥ ይህን ያህል የጠራ ነገር እንዴት ሐሰት ሊሆን ይችላል?

ነገር ግን የመታሰቢያ መጥራት ለእውነተኛነቱ ዋስ አይሆንም። ይህም በዚያ ቤት ብቻ የታየ አይደለም። በአእምሮ ሥራ ምርመራ ስመ ጥር የሆኑት የስዊስ አገር ሊቅ ዣን ፒያዤ ስለ ራሳቸው እንደ ተናገሩት፥ ሕፃን ሳሉ ሞግዚታቸው በፓሪስ በሻንዜሊዜ ጎዳና በሕፃን ጋሪ ስታንሸራሽራቸው አንድ ሰው ሊሰርቃቸው ሞከረ፤ ሞግዚቲቱም ታግላ አዳነቻቸው። ፒያዤ በሞግዚቲቱ ፊት ላይ የነበረውን ጭረት፥ የተሰበሰበውን ሰውና የመጣውን ፖሊስ ሁሉ በግልጥ ያስታውሱ ነበር። ዕድሜያቸው 15 ዓመት ያህል በሆነ ጊዜ ግን ሞግዚቲቱ ለወላጆቻቸው ደብዳቤ ጻፈች፤ ነገሩን ሁሉ እርሷ እንደ ፈጠረችው ተናዝዛ፥ በሽልማት የተሰጣትንም ሰዓት መለሰች። ሕፃኑ ከወላጆቹ አፍ የሰማውን ወሬ በልቡ ሥዕል አድርጎ፥ በኋላም ያየው መስሎት ኖሮ ነበር።

ፍሬድሪክ ባርትሌት የተባሉ የእንግሊዝ ሊቅም በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ጕዳይ አስረድተዋል። ለሰዎች አንድ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ ተረት አስነብበው፥ ከጊዜ በኋላ እንዲደግሙት ጠየቋቸው። አንባቢዎቹም ያልለመዱትን ነገር በለመዱት ይተኩት ነበር፤ በተረቱ ውስጥ የነበረችው የዚያ አገር ታንኳ በአፋቸው ተራ ጀልባ ሆነች። እንግዲህ ማስታወስ ማለት የተቀመጠውን ዕቃ ከሣጥን ማውጣት ብቻ ሳይሆን፥ በእጅ ባለው እንጨትና ጭቃ ቤቱን እንደ ገና መሥራት ነው። የቀንዱ ዋንጫ ሰማያዊ ኩባያ የሆነው፥ የአክስቲቱ የሰርግ ቀሚስ በእኅቲቱ ላይ የተገኘው፥ የየዓመቱም የኅዳር ጢስ ጢስ ወዳልነበረበት ቤት የገባው በዚህ መንገድ ነው።

ሰውየው ይህን የሊቃውንት ነገር በዚያች ሌሊት አያውቅም ነበር። ነገር ግን ወደ ንጋት ገደማ፥ ያን መታሰቢያ ዐይኑን ጨፍኖ እንደ ገና ሲመለከተው፥ ከዚያ በፊት ልብ ብሎት የማያውቀውን አንድ ነገር አገኘ። በመታሰቢያው ውስጥ ጽዋው የሚታየው ከላይ ወደ ታች ሲመጣ ነበር። አፉ ሰፊ ሆኖ፥ ወደ ፊቱ እየቀረበ፥ ከበስተኋላውም የሳር ክዳኑ ይታያል። በተኛ ሰው አጠገብ ቆሞ የሚያጠጣ ሰው ጽዋውን እንዲህ ሊያየው አይችልም። እንዲህ የሚያየው ተኝቶ የሚጠጣው ነው። ልቡ ልብሱን ለውጦ፥ ጽዋውን ለውጦ፥ እጅንም ከእጅ አለዋውጦ ነበር፤ ያየበትን ስፍራ ግን ሳይለውጠው ቀርቷል። አክስቱ የነገሩትን የሚመሰክርለት ምስክር ሠላሳ ዓመት ያህል በገዛ ልቡ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

በዚያን ጊዜ ቍጣው ለቀቀውና አለቀሰ። ለእኅቱ ያለቀሰው የመጀመሪያው ልቅሶ ይህ ነበር። በ1911 ዓ.ም. እርሱ ገና ከበሽታው ሳይነሣ፥ እርሷ ያለ ሙሾና ያለ ለቅሶ ሥርዐት በነጠላ ተጠቅልላ ከብዙዎች ጋራ ተቀብራ ነበርና። ባጠጣት እኅቱ ምክንያት ሲመሰገን በኖረበት ዘመን ሁሉ፥ የሚያስበው እርሷን ሳይሆን ራሱን እንደ ነበረ ዐወቀ። በመታሰቢያው ውስጥ እርሷ ተኝታ ትቀበል ነበር እንጂ አንዳች ነገር አታደርግም ነበር። አሁን ግን ተነሥታ ቆመች።

የእናቱንም ዝምታ በሌላ ዐይን አየው። የፒያዤ ሞግዚት ለጥቅሟ ብላ ያልሆነውን ሆነ አለች፤ እናቱ ግን ስለ ፍቅር ብለው የሆነውን ሳይናገሩ ቀሩ። ስለ ሞተች ልጃቸው የሚገባው ምስጋና በሕይወት ላለው ልጃቸው ሲሰጥ እየሰሙ፥ ሠላሳ ዓመት ያህል አፋቸውን ይዘው ኖሩ። ለአንዲት እናት ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ዝምታው የተገባ ነበርን ወይስ አልነበረም? አንዱ ልጁን ከዕዳ አዳኑት ይላል፤ ሁለተኛው ልጂቱን ከስሟ ለዩዋት ይላል። ሰውየው በዚህ ላይ ፍርድ አልሰጠም። ለአክስቱ ግን፥ «በነገሩኝ ጊዜ ጠላሁዎት፤ አሁን ግን እኅቴን ሰጡኝ» አላቸው።

ከዚህም በኋላ የእታለም መልክ መለወጡን አልተወም። በ1946 ዓ.ም. የሰውየው ታላቅ ልጅ 16 ዓመት ሞላት። አንድ ማታ ከመሥሪያ ቤት ዘግይቶ ሲገባ፥ ልጂቱ በመብራቱ አጠገብ መጽሐፏን ተንተርሳ እንቅልፍ ወስዷት አገኛት። እጇ በገጹ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ አንጓው ቀጭን ነው፤ ጣቶቿም በቀለም ተለውሰዋል። በዚያን ጊዜ አክስቱ እግረ መንገዳቸውን የነገሩት አንድ ነገር ትዝ አለው፤ እታለም በሞተች ጊዜ 16 ዓመቷ ነበር። በእርሱ ልብ ግን እታለም ዘወትር ቁመቷ መደቡን የሚሞላ ታላቅ ሴት ነበረች። ለአምስት ዓመት ሕፃን 16 ዓመት የሞላው ሁሉ እንደ ተራራ ነውና። አሁን ግን በትኩሳት ላይ ሆና እንስራ አዝላ ወደ ቀበና የወረደችው ይህችን የምታህል ልጅ እንደ ነበረች አየ። ራሱን የደገፈው ክንድ የልጅ ክንድ ነበረ። ልጁንም ሳይቀሰቅስ ጋቢውን አልብሷት ብዙ ሰዓት አጠገቧ ተቀመጠ።

እንግዲህ የሕፃንነት መታሰቢያ ይለወጣል ተብሎ ሊናቅ አይገባውም፤ አይለወጥም ተብሎም እንደ ማኅተም ሊታመን አይገባውም። የዚህ ሰው ልብ በጢሱም በልብሱም በጽዋውም ተሳስቶ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ክፉ ቀን በሁለቱ መካከል ውኃና ፍቅር እንደ ነበረ አልተሳሳተም። ስሕተቱን ያቀናለት ያየ ሰው በሕይወት መገኘቱ ነው። አክስቲቱ አንድ ዓመት ቀድመው ሞተው ቢሆን ኖሮ፥ የልጂቱ ሥራ ከእርሳቸው ጋራ በተቀበረ ነበር። ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ፥ በልጅነቱ ዘመዱ የሞተበት ሰው ሄዶ ሊጠይቃቸው ይገባዋል። የሚሰማው ነገር ምናልባት ያሳዝነው ይሆናል፤ ነገር ግን ሙታን የሚገባቸውን የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ሰውየው እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፥ የከተማው ሰው ጥራጊውን ማቃጠል ሲጀምር፥ ንጹሕ ውኃ የሞላበት እንስራና አንድ የቀንድ ዋንጫ ከደጁ አስቀምጦ መንገደኛውን ያጠጣ ነበር። ስለ ምን እንዲህ እንደሚያደርግ ለሚጠይቁትም የቀድሞውን ታሪክ አይነግራቸውም ነበር። «ውኃ ያጠጣችኝ እኅት ነበረችኝ» ይላቸው ነበር።